የካምፓኒው በግ

ሀጀራ ረፋድ ላይ የግቢውን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው በጉን ነው። ሰውዬውን ያየችው ከበጉ ቀጥሎ ነው። በጉ ነጭ ሙክት፣ ሰውዬው ጥቁር ሱፍ፤ ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ሰውዬው በአንድ እጁ ገመድ፣ በአንድ እጁ ቦርሳ ይዟል። «የሸህ ሙሐሲን ቤት ነው?» አላት። ነው አለችው። «ከካምፓኒው ነው የመጣሁት።» ሀጀራ በሩን አልዘጋችውም፤ ከገርበብታው ጨምራም አልከፈተችለትም። በጉ ግን ግባ ሳይባል በጎኗ ሾልኮ ገባና የግቢውን ጎመን ይበላ ጀመር። ሰውዬው ገመዱን እንደያዘ ተከትሎት ገባ። አገባቡ እንዲህ ነበር። በኋላ ማን አስገባው የሚል ክርክር ስለተነሳ ይኼ ከወዲሁ ይታወቅ።

ካምፓኒው የሆቴል ካምፓኒ ነው። በአርባ አገር ሆቴል አለው ይባላል። የሀጀራ ታናሽ እህት ጠይባ ዐረብ አገር ካሉት ሆቴሎቹ በአንዱ፣ ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር። አንሶላ ይጠፋል ተብሎ የማጠቢያ ቤቱ በር ሁሌ ከውጭ ይቆለፋል። አንድ ቀን የማድረቂያው ማሽን እሳት ያዘው። ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ፤ ዘጠኙም ከወሎ፣ ሦስቱ ከዚሁ ከመካነ ሰላም ዙሪያ። ከሬሳቸው ጋር የመጣው ወረቀት የሞቱበት ምክንያት የልብ ድካም ነው ይላል። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል፣ የዘጠኝ ሴቶች ልብ ደከመ። ይኼ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

አውሮፓ፣ የካምፓኒው ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከተማ፣ ጠበቆች ተነስተው የዘጠኙን ቤተሰብ ወክለው ከሰሱት። ሀይማኖት የምትባል አስተርጓሚ አለቻቸው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ለሀጀራ ትደውላለች። ካምፓኒው ለፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ አጭር ነው። ማጠቢያ ቤቱ የኮንትራክተር ነው፣ እኔን አይመለከተኝም ይላል። «አንድ መስመር ነው ያጣነው» ትላለች ሀይማኖት በደወለች ቁጥር፤ «ካምፓኒው ነገሩ የኔ ነው ያለበት አንድ መስመር ወረቀት።» ካምፓኒው በጎን በየቤቱ ሰው እየላከ ያስፈርማል። አጅባር አንድ ቤተሰብ ፈርሟል፣ አቀስታ አንድ። ማንም አልፈረደባቸውም፤ የተበደሩበትን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የቀሩት ሰባት ናቸው። ሌላ ሰው ከፈረመ ክሱ ይወድቃል ብላለች ሀይማኖት። ዛሬ እንግዲህ ተራው የሸህ ሙሐሲን ቤት ነው።

ሀጀራ ሰውዬውን በረንዳው ላይ በርጩማ ሰጥታው፣ በጉን ከጎመኑ ለመነጠል ስትታገል፣ ጎረቤት ሁሉ በአጥር በላይ ያያል። አያይም አይባልም። በዚህ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው የቁም በግ ይዞ አይመጣም። ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ባዶ እጁን ቢመጣም ማንም አይቀየመውም። ሰው የሞተበት ቤት የቁም በግ እየጎተተ የሚመጣው የገዳይ ወገን ነው። ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ «በእጄ ጠፍቷል፣ አፉ በሉኝ» ብሎ ይቆማል። ሽማግሌ ይነጋገራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ በጉ ይታረዳል፣ ደም ይደርቃል። በጉ ደጃፉን አለፈ ማለት ሰውዬው አመነ ማለት ነው። ይኼን ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቀዋል። የማያውቀው፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጫማውን በመሀረብ የሚወለውለው ሰውዬ ብቻ ይመስላል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። አሕመድኑር በከዘራ፣ ውበቱ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ሁለቱም በቶሎ ከመራመድ ትንፋሽ አጥሯቸው። ሃያ ዓመት አብረው ሲያስታርቁ ኖረዋል። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያለዝባል፤ ተራውን በዓይን ብቻ ይቀያየራሉ። ሸህ ሙሐሲን ውስጥ ሆነው ድምፃቸውን ሲሰሙ «መጡ?» አሉ። ሀጀራ «አንድ ሰው ነው አባ» አለቻቸው። «ይሁን። አንድም ሰው ነው።» ለዒድ ብቻ የሚጠመጥሙትን ነጭ ጥምጣም እንድታወርድላቸው በእጃቸው አሳዩዋት። አወረደችላቸው።

አባትና ልጅ ብዙ አይነጋገሩም። ድሮም ብዙ ተናጋሪ አልነበሩም፤ ጠይባ ናት ቤቱን ታስወራው የነበረች። ሀጀራ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ኮፒ ይደረጋል፣ የፓስፖርት ፎቶ ይነሳል። ጠይባ ስትሄድ ፎቶዋን ያነሳቻት፣ ወረቀቷን ሁሉ ኮፒ ያደረገችላት ሀጀራ ናት። አሥራ አንድ ገጽ፣ በነጻ። ሸህ ሙሐሲን ይኼን ነገር አንድ ቀንም አንስተውባት አያውቁም። ቢያነሱት ይሻላት ነበር።

ሁሉም ሳሎን ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሳሎኑ ውስጥ ጠይባ በላከችው ገንዘብ የተገዛ ቁም ሳጥን አለ፤ ፕላስቲኩ እስከዛሬ አልተላጠም፤ እሷ መጥታ ትላጠው ተብሎ ነበር። ሰውዬው ለብቻው ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ወንበር ላይ ሆነ። ሀጀራ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳች። ሽማግሌዎቹ አልነኩትም። እርቅ ሳያልቅ ከገዳይ ወገን ጋር አይቀመስም። ሰውዬው ግን ፉት አለ። ውበቱ ይኼን አይተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉ አሕመድኑር።

«የኋላሸት እባላለሁ። የሕግ ባለሙያ ነኝ።»

«ሥራህን አልጠየቅሁህም።»

«ትውልዴ ወረኢሉ ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የወረኢሉ ልጅ ከሆነማ አውቆ ነው» አሉ ውበቱ።

«ምኑን?»

«በጉን።»

የኋላሸት ግራ ገብቶት ወደ ደጅ አየ። በጉ በበሩ በኩል ጭንቅላቱን አስገብቶ ያዳምጣል። «በጉን ግዛ ያለኝ መኪናውን ያከራየኝ ደላላ ነው፤ ታደለ የሚባል። ባዶ እጅህን ሰው ቤት አትግባ፣ ነውር ነው አለኝ። ከገበያው በእግሬ ጎትቼው መጣሁ።»

«ታደለ!» አሉ ውበቱ። «ከሻጩም ኮሚሽኑን በልቷል በለኛ። ታደለ የገዛ እናቱን ለመጠየቅም ኮሚሽን ይቀበላል።»

አሕመድኑር አልሳቁም። የመቆጣቱ ተራ የሳቸው ነበር። «በሩን የቆለፍኸው አንተ ነህ?»

«እኔ? እኔ አገሩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

«ወንድምህ ነው?»

«ኧረ አይደለም!»

«ታዲያ የማንን በግ ነው የምትጎትት?»

«የካምፓኒውን።»

«ደግ። እንግዲያው የቆለፈው ካምፓኒው ነው።»

«አልቆለፈም አባቴ። የቆለፈው ኮንትራክተሩ ነው።»

«ኮንትራክተሩ ለምን አልመጣም?»

«ፈርሷል።»

«ሞቷል?»

«አልሞተም፤ ድርጅቱ ነው የፈረሰ። ከእሳቱ በኋላ ተዘጋ። በሕግ ፊት የለም።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ ውበቱ። «ወገን የለውም? ሰው እኮ ያለ ወገን አይፈጠርም።»

የኋላሸት ቦርሳውን ከፈተ። ከቦርሳው ውስጥ ጥሩ ወረቀት፣ ወፍራም ወረቀት፣ አማርኛው በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ የተጻፈ አወጣ። ካምፓኒው በደረሰው ነገር በጣም ማዘኑን፣ ግዴታ ሳይኖርበት ለቤተሰቡ መደገፊያ የሚሆን ገንዘብ ማዘጋጀቱን፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ቢፈረም በሳምንት ውስጥ ባንክ እንደሚገባ በደንብ ተናገረ። አነጋገሩ መጥፎ አልነበረም። ብዙ ቤት እንደተናገረው ያስታውቃል። ሸህ ሙሐሲን ወረቀቱን ወደ ሀጀራ ገፋ አደረጉት።

ሀጀራ ወረቀት ማንበብ ሥራዋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አንቀጾች በዓይኗ ዘለለቻቸው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ነገሩን የሚያስቀምጠው መሀል ላይ እንደሆነ ታውቃለች። «አራተኛ» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። «‹ተዋዋዮቹ ለደረሰው ክስተት ማንም ጥፋተኛ አለመሆኑን አምነው፣ ወደፊትም ማንንም ላይከሱ ተስማምተዋል።›»

«ድገሚው» አሉ ሸህ ሙሐሲን።

ደገመችው።

ሸህ ሙሐሲን ጥምጣማቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ፤ እንዳለ ነው። «ስማኝ ልጄ» አሉት። «እኔ ልቆጣህ አልተቀመጥኩም። አፉ ልል ነው የተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሰው መጥቶ ‹እኔ ነኝ የቆለፍኩ› ቢለኝ፣ እንደምንም ብዬ አፉ እለዋለሁ፤ ከአላህ ጋር ተማክሬ ጨርሻለሁ። አሁን ማንም አይደለም ትለኛለህ። ማንም ካልሆነ፣ እኔ ማንን ነው አፉ የምለው?»

የኋላሸት ሻዩን አስቀመጠ። «አባቴ፣ ይኼ የተለመደ አጻጻፍ ነው።»

«የት አገር?» አሉ አሕመድኑር።

ሽማግሌዎቹ ጎን ለጎን ሆነው በጆሮ ተነጋገሩ፤ አንድ ደቂቃም አልፈጀባቸው። አሕመድኑር ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ፍርዱን ያወጡት ቆመው ነው። «ወረቀትህን አንፈርምም። በጉ ግን ደጃፍ አልፏል፣ ሰው አይቶታል። ሁለት መንገድ አለህ። ለደም ከሆነ ያመጣኸው፣ ለደም ነው በል፤ ካምፓኒው ደግሞ ሰው ይላክ፣ ስም ያለው ሰው። ለደም ካልሆነ በግህን ይዘህ ውጣ። እዚህ ቤት የካምፓኒ በግ በነጻ አይቀለብም።»

የኋላሸት በጉን ይዞ ወጣ። ቢያንስ ሞከረ። በጉ ጎመኑን ለምዶታል። እግሩን ተክሎ ቆመ። ጎትቶ፣ ገፍቶ፣ በመጨረሻ በሁለት እጁ አቅፎ እስከ መኪናው አደረሰው፤ ሱፉ ላይ ምን እንደተረፈው አይወራም። ሹፌሩ ከመኪናው አልወረደም። «በግ አልጭንም» አለ በመስኮት። «ወንበሩ ጨርቅ ነው። ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከዚህ አልነሳም፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።» ያኔ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። የሰፈሩ ሴቶች በየበራቸው ቆመው ያያሉ። አንዷ «ይኼ ነው ካምፓኒው?» ስትል ተሰማ፤ «ቀጭን ነው እንዴ!»

ሀጀራ ይኼን አይታ ወደ ኮፒ ቤቷ ሄዳ፣ ከፍታ ተቀምጣ ነበር። መብራት ጠዋት ሄዶ ገና መምጣቱ ነው። አንድ ገበሬ የመሬት ወረቀቱን ላሚኔት እያስደረገ ነበር። የኋላሸት ገብቶ ገበሬው እስኪወጣ የግድግዳውን ዋጋ ዝርዝር ያነብ ጀመር። ኮፒ አምስት ብር። ማመልከቻ መቶ ብር። በዱቤ የለም።

«በጉን በረንዳችሁ ላይ መልሼ አሥሬዋለሁ» አለ። «መኪናው እምቢ አለ።»

«አይቻለሁ።»

«አንድ ነገር ልለምንሽ። በጉን የገዛሁት ካምፓኒው በሰጠኝ ገንዘብ ነው፤ አሥራ አራት ሺህ። በግ ሻጭ ደረሰኝ አይሰጥም። ያለ ወረቀት ሒሳቡ አይወራረድልኝም። እንዲህ ባለ ቀን፣ ይኼን ያህል ተገዝቶ፣ እዚህ ቤት ቀርቧል የሚል ጻፊልኝ። ሽማግሌዎቹ እማኝ ይሁኑ።»

ሀጀራ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። አልሳቀችም። ኪቦርዱን ሳብ አድርጋ፣ ቀኑን ጻፈች፣ ዋጋውን ጻፈች፣ የካምፓኒውን ሙሉ ስም ከወፍራሙ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ገለበጠች። ከዚያ ትንሽ ጻፈችና ወደሱ አዞረችው። እንዲህ ይላል፦ «ከላይ የተጠቀሰው አንድ ነጭ ሙክት በግ፣ በካምፓኒው ገንዘብ ተገዝቶ፣ በካምፓኒው ወኪል እጅ፣ በካምፓኒው ማጠቢያ ቤት በር ተቆልፎባት ለሞተችው ለጠይባ ሙሐሲን ደም ማስታረቂያ፣ በአገሩ ልማድ መሠረት ከገዳይ ወገን ቀርቧል።»

የኋላሸት አነበበው። ሰዓቱን አየ። እንደገና አነበበው፤ በዚህኛው ቀስ ብሎ ነው።

«ስጦታ በይው» አለ።

«ስጦታ አንቀበልም። ስጦታ ከሆነ ጫነው።»

«ለለቅሶ በይው እሺ።»

«ለለቅሶ ሦስት ዓመት ዘግይታችኋል።»

«ምክንያቱን ተይውና ዋጋውን ብቻ ጻፊ።»

«ሽማግሌዎቹ ምክንያት በሌለው ወረቀት ላይ አይፈርሙም። ጠይቃቸው፤ ያው ውጭ ናቸው።»

ውጭ ናቸው። አሕመድኑርና ውበቱ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ማንም አልጠየቃቸውም። የኋላሸት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሱፉ ላይ የበግ ጸጉር አለ፤ አንድ አንድ እያለ ይለቅም ጀመር። «አጎቴ» አለ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ፤ «ወረኢሉ፣ በወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። በጉን ሲጎትት አይቻለሁ። ድንጋዩ ትልቅ ነበር።»

«ጠዋት ታደለ በግ ግዛ ሲለኝ» አለ፣ «ነገሩ ትዝ ብሎኛል። ግዛ ስላለኝ ገዛሁ።»

ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ማኅተሙን አወጣ። የካምፓኒው ወኪል ጽሕፈት ቤት የሚል ክብ ማኅተም ነው። «የካምፓኒው ሒሳብ ክፍል አማርኛ አያነብም» አለ። «ቁጥሩንና ማኅተሙን ነው የሚያዩት።» ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ደህና አድርጎ ነው የመታው፤ ጠርዙ እንኳ አልተንሸራተተም። አሕመድኑር ፈረሙ፣ ውበቱ ፈረሙ። ሀጀራ ሁለት ኮፒ አወጣች።

«ሁለተኛው ለማን ነው?» አላት።

«ለኔ ማኅደር።»

አያት። አየችው። «ስንት ነው?» አለ።

«ኮፒው አሥር፣ ጽሕፈቱ መቶ።»

ሁለት መቶ ሰጣትና መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መኪናው ተነሳ። ያልተፈረመው ወፍራም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። መርሳት አይባልም፤ ከቦርሳው ማኅተሙን ሲያወጣ ዓይኑ አርፎበት ነበር።

ሀጀራ ማኅተም ያረፈበትን የበጉን ወረቀት ፎቶ አንስታ ለሀይማኖት ላከች። ሀይማኖት ወዲያው ደወለች። «ማኅተም መትቶበታል?» አለች። መትቶበታል። «ወዶ?» ሁለት ጊዜ አንብቦ። ሀይማኖት ስልኩን ሳትዘጋ ከጎኗ ካሉት ጋር በፈረንጅ አፍ ስታወራ ቆየች፤ አንዱ ጠበቃ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ስሚ» አለች ስትመለስ። «ፍርድ ቤቱ ይቀበለው አይቀበለው አናውቅም። በግ የመጣበት ማስረጃ አይተው አያውቁም። ዳኛው ሊስቅ ይችላል። ግን ያቀርቡታል፤ የአገሩን ልማድ የሚያስረዳ ምሁር ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በጉን አትረዱት።»

«ምን?»

«ማስረጃ ነው። በየወሩ ፎቶ አንሺልን።»

ሀጀራ ቤቷ ስትደርስ የዐስር ሶላት ተሰግዷል። ሸህ ሙሐሲን በረንዳው ላይ፣ ጥምጣማቸውን ሳያወልቁ፣ ከበጉ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቢላዋው ተስሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገባቸው አለ። ከጎመኑ ግንዱ ብቻ ቀርቷል።

«ለደም ነው አለ?» አሏት።

«ለደም ነው ብሎ ፈረመ።»

«አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። ጠይባ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን አልቀየረችም። እሳቸውም ፊታቸውን አልቀየሩም። እጃቸው ግን ቢላዋው ላይ ነበር፤ ከዚያ አነሱት።

«የሰውዬው ስም አለበት? የቆለፈው?»

«የለበትም። የካምፓኒው ስም ነው ያለው።»

«እንግዲያው አልጨረስንም» አሉ። «ስሙ ሳይመጣ አይታረድም።»

«ጠበቆቹም አትረዱት ብለዋል። ማስረጃ ነው አሉ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪፈረድ።»

ሸህ ሙሐሲን በጉን ከቀንዱ እስከ ጥፍሩ ተመለከቱት፤ ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚገምቱ ይመስላሉ። «የፈረንጅ ፍርድ ቤት ይረዝማል» አሉ። «ነገ ድርቆሽ ግዢ። ብዙ አድርገሽ ግዢ።»

ጥምጣማቸውን አወለቁ፤ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሀጀራ ልትገባ ስትነሳ ጠሩዋት።

«ወረቀቱን ኮፒ ያደረግሽለት አንቺ ነሽ?»

እግሯ ደፉ ላይ ቆመ። «እኔ ነኝ።»

«አስከፈልሽው?»

«አሥር ብር።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ፤ በጉን ነው የሚያዩት። «ከእንግዲህ ለማንም በነጻ አታድርጊ።»

«አላደርግም አባ» አለች።

በጉ የመጨረሻውን የጎመን ግንድ ከሥሩ ነቀለው።